ልብ በድካም ይፈተናል

ከሰው ብልቶች ሁሉ ዕረፍት የሌለው ልብ ነው። ዓይን በሌሊት ይከደናል፤ እጅ ከሥራ በኋላ ይታጠፋል፤ እግርም መንገዱን ሲጨርስ ይዘረጋል፤ ልብ ግን በእናት ማሕፀን መምታት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞት ድረስ አገልግሎቱን አያቋርጥም። መጠኑ የባለቤቱን ጭብጥ ያህል ሲሆን፣ ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ሲቈጠር 100 ሺህ ይሞላል። በያንዳንዱም ደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ወደ ሰውነት ይልካል። ያው ሰው በሮጠ ወይም ብርቱ ዳገት በወጣ ጊዜ ግን ልቡ ሥራውን አራት እጥፍ አድርጎ በደቂቃ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊልክ ይችላል። እንግዲህ ልብ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው፤ አንዱ የዕረፍት፣ ሁለተኛው የድካም ነው። ሐኪሞች ከብዙ ዘመን ትምህርት በኋላ የተረዱትም የልብ ደዌ ብዙ ጊዜ በፊተኛው ኑሮ ተሰውሮ በኋለኛው የሚገለጥ መሆኑን ነው።

በግእዝም በአማርኛም ልብ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው አሳብና ፈቃድ የሚመነጭበት ውስጣዊ ሰውነት ነው፤ ልበ ብርሃን፣ ልበ ቅን፣ ልበ ደንዳና መባልም ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛው ደም የሚረጨው የሥጋ ብልት ነው። ፊተኛውን ልብ መመርመር የፈጣሪ ገንዘብ ስለ ሆነ ሰው አይደፍረውም። አንዳንድ ደጋግ ሰዎች ግን ሁለቱን ሳይለዩ ቀርተው፣ የሥጋውን ልብ በመኪና ማስመርመር እምነት ማጕደል ይመስላቸዋል፤ ደረታቸው ሲጨነቅ ጠበል ብቻ ጠጥተው ይቀመጣሉ። ጠበሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሥጋውን ልብ ለሐኪም ማሳየት የመንፈሱን ልብ ከእግዚአብሔር ማራቅ አይደለም።

የልብን ሥጋ የሚመግቡት በልቡ ዙሪያ እንደ አክሊል የተጠመጠሙ ሁለት ዋና ዋና ደም ሥሮች ናቸው፤ ግራና ቀኝ ይባላሉ፤ ግራውም ወዲያው በሁለት ይከፈላል። ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም ሲያድል የራሱን ቀለብ የሚቀበል በእነዚህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ትምባሆ ሲዘወተር፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሲበረታ፣ ኮሌስትሮል የሚባለውም ስብ በደም ውስጥ ሲበዛ፣ በሥሮቹ ግድግዳ ላይ ስብና ኖራ የመሰለ ነገር ይጋገርና መተላለፊያው ይጠባል። ጥበቱ ግን ለባለቤቱ ፈጥኖ አይታወቅም። ላንስ ጉልድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር በ1974 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በእንስሳት ላይ መርምሮ እንዳሳየው፣ የሥሩ ወርድ እስከ እኩሌታ ቢጠብ ልብ በድካምም ጊዜ እንኳ አይራብም፤ ከእኩሌታ ሲያልፍ በድካም ጊዜ የሚፈለገው ደም መጕደል ይጀምራል፤ በዕረፍት ጊዜ የሚፈሰው ደም የሚቀንሰው ግን ወርዱ ከመቶ 85 እጅ ያህል ከተዘጋ በኋላ ነው። ነገሩ ምንጩ የደከመበትን ቤት ይመስላል። በአዘቦት ቀን አንድ እንስራ ውኃ ስለሚበቃ የምንጩን መድከም ማንም አያውቅበትም፤ ድግስ የተደገሰ ዕለት ግን የሚቀዳው ይታጣል፤ ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ ይሸበራል።

ይህ ነገር በመጀመሪያ የታወቀው በመኪና ሳይሆን በሕመምተኛ ቃል ነው። ዊልያም ሄበርደን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በ1768 በለንደን ከተማ በንጉሣዊው የሐኪሞች ኮሌጅ ጓደኞቹ ፊት ስለ አንድ ደዌ ተናገረ። በዚህ ደዌ የተያዙ ሰዎች በእግር ሲሄዱ፣ ይልቁንም በልተው ዳገት ሲወጡ፣ ደረታቸው ይታነቃል፤ ጥቂት ቢጨምሩ ነፍሳቸው የምትወጣ ይመስላቸዋል፤ ባሉበት ቆም ባሉ ጊዜ ግን ሕመሙ ሁሉ ይለቃቸዋል። ሄበርደን ይህን በላቲን ቋንቋ አንጂና ፔክቶሪስ፣ ማለት የደረት መታነቅ ብሎ ሰየመው። ልብን የሚጽፍ መኪና አልነበረውም፤ ራጅም ገና አልተገኘም ነበር። ሕመሙ ከድካም ጋር መምጣቱን ከዕረፍትም ጋር መሄዱን አስተዋለ፤ ዛሬ በብዙ ገንዘብ በሚገዛ መኪና የሚደረገው የልብ ፈተና ሁሉ የቆመው በዚሁ ማስተዋል ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል ዕድሜው 56 ዓመት የሆነ አንድ የደብር መሪጌታ ይታሰብ። ቤቱ ከዳገቱ ግርጌ፣ ደብሩም ከዳገቱ ራስ ላይ ነው። 30 ዓመት ሙሉ የወጣው ዳገት ከጥቂት ወራት ወዲህ ከበደው። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ደረቱን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይጫነዋል፤ ጭነቱም ወደ ግራ ክንዱ ይወርዳል፤ ከዛፍ ተጠግቶ ጥቂት ሲቆም ይለቀዋል። ሚስቱ ብርድ ነው ትላለች፤ ጓደኞቹ ጨጓራ ነው ይላሉ፤ እርሱ ራሱ እርጅና ነው ብሎ ይተወዋል። በበዓል ሌሊት በማኅሌት ላይ ወረቡ እየጠነከረ ጽፋቱም እየፈጠነ ሲሄድ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቋሚያውን ይደገፋል፤ ደቀ መዛሙርቱም ተመስጦ ይመስላቸዋል።

በመጨረሻ ወደ ሐኪም ሄደ። ሐኪሙም በአልጋ ላይ አስተኝቶ ኢሲጂ አነሣው፤ ወረቀቱም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። መሪጌታው ደስ ብሎት «እንግዲያስ ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ሊነሣ ሲል ሐኪሙ አቆየው።

«መሪጌታ፣ ሕመሙ የሚመጣብዎ ተኝተው ሳሉ ነውን?»

«የለም፤ ዳገት ስወጣ ነው እንጂ።»

«እንግዲያስ እኔ ያየሁት የተኛውን ልብዎን ነው። ዳገት የሚወጣውን ገና አላየሁትም።»

ብዙ ሰዎች ንጹሕ የሆነውን ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቁ በመቅረታቸው ሳይታሰብ ይሞታሉ።

ኢሲጂ ልብ በመታ ቍጥር የሚያወጣውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል በወረቀት ላይ በመስመር የሚጽፍ መኪና ነው። ይህን ለሕክምና ያበቃው በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ መምህር የነበረው ቪሌም አይንትሆቨን ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሠራው መኪና ክብደቱ 270 ኪሎ ያህል ነበረ፤ የሚያሠራውም አምስት ሰው ነበረ፤ ሕመምተኛው ሁለት እጆቹንና ግራ እግሩን የጨው ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። መኪናው ወደ ሆስፒታል የማይጓጓዝ ስለ ሆነ፣ አይንትሆቨን በ1905 የሕመምተኞችን የልብ ምት ከሆስፒታል እስከ መመርመሪያው ቤት 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በስልክ ሽቦ አሻግሮ ጻፈ። ለመስመሩ ከፍታና ዝቅታም ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የሚል የፊደል ስም አወጣለት፤ ዛሬም በዓለም ያሉ ሐኪሞች የሚያነቡት በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ ሥራው በ1924 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ያ ታላቅ መኪና ዛሬ በአንድ እጅ የሚያዝ ሆኗል፤ ጠባዩ ግን አልተለወጠም፤ በተነሣበት ሰዓት ያየውን ብቻ የሚመሰክር እውነተኛ ምስክር ነው፤ ያላየውን አይናገርም።

ስለዚህ ልብን አድክሞ ማየት ግድ ሆነ። በኒው ዮርክ ከተማ የነበረ አርተር ማስተር የተባለ ሐኪም በ1929 የያንዳንዱ ከፍታ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሁለት ደረጃ አሠርቶ፣ ሕመምተኛው እየወጣ እየወረደ ሳለ የልቡን ምትና የደሙን ግፊት ይለካ ጀመር፤ ኋላም ኢሲጂ ተጨመረበት። ነገር ግን የዚህ ፈተና ድካም በአንድ ልክ የሚቆም እንጂ እየጨመረ የሚሄድ አልነበረም። ይህን ያቃናው በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሮበርት ብሩስ ነው። ትሬድሚል በሚባለው መኪና ላይ ሰውየው ባለበት ሳለ ከእግሩ ሥር መንገዱ ይሄዳል። ብሩስና ጓደኞቹ በ1963 በገለጹት ሥርዐት መንገዱ በየ3 ደቂቃው ይፈጥናል፤ ዳገቱም ይጨምራል። በመጀመሪያው ደረጃ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱም ከመቶ 10 እጅ ነው፤ በሁለተኛው 4 ኪሎ ሜትርና ከመቶ 12፣ በሦስተኛው 5.5 ኪሎ ሜትርና ከመቶ 14 ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ሰውየው እስኪበቃው ወይም ሐኪሙ እስኪያቆመው ድረስ ይወጣል።

ይህ ሥርዐት ለቅኔ ቤት ሰው እንግዳ አይሆንበትም። መምህሩ አዲሱን ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አያዘውም፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አሳልፎ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ያደርሰዋል። የተማሪው ጕድለት በጉባኤ ቃና ላይ ተሰውሮ ይቈይና መወድስ ላይ ሲደርስ ይገለጣል፤ ተማሪው በየትኛው እንደ ደከመ ያየ መምህርም ምን እንደ ጐደለው ያውቃል። እንዲሁም ሐኪሙ ሕመሙ በየትኛው ደረጃ እንደ መጣ በማየት የደዌውን ብርታት ይገምታል። በመጀመሪያው ደረጃ የተያዘና በአራተኛው ደረጃ የደከመ እኩል አይደሉም።

መሪጌታው ለዚህ ፈተና ቀን ተቈረጠለት። ከምርመራው በፊት ጥቂት ሰዓት እህል እንዳይበላ፣ ቀላል ጫማ እንዲያደርግ፣ የሚወስደውንም መድኃኒት ሁሉ እንዲናገር ታዘዘ። ጾም ለለመደ ሰው ፊተኛው ትእዛዝ አልከበደውም፤ ደረቱን ገልጦ በሰው ፊት መቆም ግን አሳፈረው። በደረቱና በአካሉ ላይ 10 ሽቦዎች ተለጠፉለት፤ በክንዱም የደም ግፊት መለኪያ ታሰረለት። ሐኪሙና ነርሷ ከአጠገቡ አልተለዩም፤ ልብ ቢደክም የሚያነቃው የኤሌክትሪክ መሣሪያና መድኃኒትም በቅርብ ተቀምጧል። ይህ ጥንቃቄ ስላለ ከፈተናው የሚመጣው ሞት ከ10 ሺህ ሰው አንድ ያህል ነው ተብሎ ይቈጠራል። ሐኪሞች ከ220 ላይ የሰውየውን ዕድሜ ቀንሰው የልቡን ከፍተኛ ምት ይገምታሉ፤ ለመሪጌታው 164 ሆነ፤ ፈተናው በቂ የሚባለውም ከዚህ ከመቶ 85 እጁ፣ ማለት 140 ያህል ሲደረስ ነው።

የመጀመሪያውን ደረጃ በደኅና ፈጸመ። በሁለተኛው ደረጃ፣ በ5ኛው ደቂቃ ላይ፣ ላብ አጠመቀውና «ይኸው መጣ፤ የዳገቱ ነው» አለ። በዚያችው ሰዓት ከኤስ እስከ ቲ ያለው መስመር 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ታየ፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለቱ እንኳ የሚያስጠረጥር ነው። መኪናው ቆመ፤ መሪጌታውም ተቀመጠ፤ ከምላሱ ሥር መድኃኒት ተደረገለት፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ደረቱም መስመሩም ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ለብዙ ወራት ብርድና እርጅና ሲባል የቈየው ነገር በ5 ደቂቃ ውስጥ ስሙ ታወቀ።

ይሁን እንጂ ይህም ምስክር ብቻውን ሁልጊዜ አይታመንም። በዓለም የታተሙ ብዙ ምርመራዎች ተሰብስበው በ1989 በተመዘኑ ጊዜ፣ የኢሲጂው የድካም ፈተና ሥራቸው ከጠበበባቸው 100 ሰዎች 68 ያህሉን ብቻ እንደሚያገኝ፣ ደኅነኞች ከሆኑት 100 ሰዎችም 23 ያህሉን ያለ ጥፋታቸው እንደሚከስስ ታወቀ። በሴቶች ላይ ሐሰተኛው ክስ ይበዛል። እግሩ የታመመ ወይም ያረጀ ሰውም በትሬድሚል ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ለእንደዚህ ያለው ሰው ልብን እንደ ድካም የሚያሠራ ወይም ደም ሥሮቹን የሚከፍት መድኃኒት በክንዱ ሥር ይሰጠዋል። ስለዚህ ከመስመሩ በላይ የልቡን ሥዕል ራሱን ማየት አስፈለገ።

ከሥዕሎቹ ሁሉ ቀላሉና ጕዳት የሌለበት ኢኮ ነው። የስዊድን ሐኪም ኢንገ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ሄርትስ በሉንድ ከተማ አብረው ሲሠሩ፣ በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ የሚፈለግበትን የድምፅ መሣሪያ በ1953 ከአንድ የመርከብ መሥሪያ ተውሰው ሞከሩ፤ በዚያውም ዓመት በኦክቶበር 29 ቀን የሚመታ ልብን እንቅስቃሴ በድምፅ ለመጻፍ በቁ። መሣሪያው የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ በሰከንድ ከ20 ሺህ ጊዜ እጅግ አብልጦ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ደረት ይልካል፤ ድምፁም ከልብ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ሥዕል ይሆናል። ኢኮ ማለትም የገደል ማሚቶ ማለት ነው። በዚህ ሥዕል የልቡ ክፍሎች፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮቹ፣ የግድግዳውም ውፍረት ይታያል። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ከግራው ታችኛ ክፍል ውስጥ ካለው ደም ከመቶ 55 እስከ 70 እጅ ያህሉን ይልካል፤ የደከመ ልብ ከዚህ ያንሳል።

ኢኮው ከድካም ፈተና ጋር በተያያዘ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነገር ይታያል። አንድ የልብ ክፍል ደም ሲጐድለው አስቀድሞ ግድግዳው ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀጥሎ የኢሲጂው መስመር ይለወጣል፤ ሕመም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ «አላመመኝም» ማለት «አልታመምሁም» ማለት አይሆንም፤ ይልቁንም የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ልባቸው ሲራብ ምንም ሳያማቸው ይቀራል። መሪጌታው ከድካሙ በኋላ ወዲያው በኢኮ ሲታይ የልቡ ፊተኛ ግድግዳ ሲጐተት ተገኘ፤ ዐርፎ ሲታይ ግን ያው ግድግዳ እንደ ጓደኞቹ ደኅና ነበረ። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን የተናገረው ቃል በሥዕል ተረጋገጠ።

ሌሎች ሥዕሎችም አሉ። ጨረር የሚሰጥ ጥቂት መድኃኒት በደም ውስጥ ተጨምሮ ደም የደረሰበትና ያልደረሰበት የልብ ክፍል በልዩ ካሜራ ይታያል። ሲቲ ስካን ደግሞ ደም ሥሮቹን ራሳቸውንና በግድግዳቸው የተጋገረውን ኖራ ያሳያል። በስኮትላንድ አገር የደረት ሕመም በነበራቸው 4,146 ሰዎች ላይ የተደረገና ውጤቱ በ2018 የታተመ ጥናት ጥቅሙን አስረዳ፤ ከተለመደው ምርመራ ሌላ ሲቲ ስካን ከተጨመረላቸው ሰዎች በ5 ዓመት ውስጥ በልብ ደም ሥር ደዌ የሞቱት ወይም ልባቸው በድንገት የተመታው ከመቶ 2.3 ሲሆኑ፣ ሲቲ ስካን ካልተጨመረላቸው ከመቶ 3.9 ነበሩ። ይህ የሆነው ሥዕሉ ራሱ ስለ ፈወሰ አይደለም፤ ሐኪሙ ያየውን ዐውቆ ተገቢውን መድኃኒት ስላዘዘ ነው። የመጨረሻውና ጥልቁ ምርመራ ቀጭን ቧንቧ በደም ሥር አስገብቶ እስከ ልብ ድረስ ማድረስ ነው። ቨርነር ፎርስማን የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም በ1929 ይህን በራሱ ሰውነት ላይ ሞከረ፤ በ1958 ደግሞ ሜሰን ሶንስ በአሜሪካ በክሊቭላንድ የልብን ደም ሥሮች እየለየ በራጅ ማንሣትን ጀመረ። ይህም አንጂዮግራፊ ይባላል።

ብዙ ሰዎች ከምርመራ የሚሸሹት የተገኘ እንደ ሆነ ደረት ይቀደዳል ብለው ስለሚፈሩ ነው። ፍርሃቱ ከእውነቱ ይበልጣል። በ37 አገሮች ያሉ 5,179 ሰዎች፣ በድካም ፈተና ልባቸው መካከለኛ ወይም ብርቱ የደም ጕድለት እንዳለበት የታየ፣ ለሁለት ተከፍለው ተመርምረው ነበር፤ ውጤቱ በ2020 ሲታተም፣ ወዲያው ሥር የማስከፈት ወይም የቀዶ ጥገና ሥራ የተሠራላቸው፣ በመልካም መድኃኒት ከተጠበቁት ይልቅ ከሞት በመዳን ብልጫ አላሳዩም፤ የደረት ሕመማቸው ግን ይበልጥ ቀለለ። ዋናው የግራ ሥር የጠበበባቸው፣ ልባቸው እጅግ የደከመባቸውና ሕመማቸው በዕረፍት ጊዜ የሚነሣባቸው ግን በዚህ ቍጥር ውስጥ አልገቡም፤ የእነርሱ ነገር ሌላ ነው። እንግዲህ የተገኘ ደዌ ሁሉ ለቢላዋ አይሰጥም፤ ብዙው በኪኒን፣ በምግብ ጥንቃቄና ትምባሆን በመተው ይጠበቃል። መሪጌታውም ደም የሚያቀጥንና ስብ የሚቀንስ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓትም ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካከረ።

በኢትዮጵያ ደግሞ ልብ የሚታመመው በሽማግሌዎች ብቻ አይደለም። ብዙ ሕፃናትና ጐልማሶች በጊዜው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የልባቸው በሮች ይቈስላሉ፤ በሩ ይጠባል ወይም አልዘጋ ይላል። የእነዚህ ዋነኛው ምርመራ ኢኮ ነው፤ ደዌው ቀድሞ ከታወቀ በየ4 ሳምንቱ በሚወጋ ፔኒሲሊን እንዳይብስ ይጠበቃል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተሠራው የልብ ማዕከል በ2009 ሥራ የጀመረው ይልቁንም ስለ እንደነዚህ ያሉ ልጆች ነው። ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ ያቃተውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚከለክለው ስንፍና ሳይሆን የልቡ በር ሊሆን ይችላል።

ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በትሬድሚል ላይ ይውጣ ማለት አይደለም። ምንም የማያመውና ብርታቱ የተጠበቀ ሰው ያለ ምክንያት ቢፈተን፣ ሐሰተኛው ክስ ወደማያስፈልግ ሥጋት ሊጥለው ይችላል። በሌላ በኩል ዐርፎ ሳለ ደረቱ በድንገት የተጨነቀ፣ ጭንቀቱም ለ20 ደቂቃ ያህል ያልለቀቀው፣ ላብና ማጥወልወል ያለበት ሰው የፈተና ቀን መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ እንጂ በምንም አኳኋን በድካም አይፈተን። ትሬድሚልም በሌለበት አገር የሚያስተውል ሐኪም በደረጃ ማስወጣትና ለ6 ደቂቃ በእግር ማስኬድ ይችላል፤ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፍ መውጣት የማይሆንለት ሰው ነገሩን ሳይንቅ ለሐኪም መናገር ይገባዋል።

ፈተናውን ያለፈም ቢሆን ቃል ኪዳን የተሰጠው አይምሰለው። ሥሩን ገና ያላጠበበ ትንሽ ቍስል በድንገት ተሰንጥቆ ደም ሊረጋበትና ሥሩን ሊዘጋው ይችላል። የፈተናው ሌላ ፍሬ ግን አይጠፋም፤ እርሱም የሰውየውን ብርታት መለካቱ ነው። በአሜሪካ በ6,213 ወንዶች ላይ ተደርጎ በ2002 የታተመ ጥናት፣ በትሬድሚል ላይ የታየው ብርታት ከሌሎች ምልክቶች ሁሉ ይልቅ ዕድሜን እንደሚያመለክት ገለጠ። ብርታትም በልምምድ ይጨምራል። ከላይ የተጠራው ሄበርደን በደረት መታነቅ የታመመ አንድ ሰው በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ ይቈርጥ እንደ ነበረና ወደ መዳን እንደ ቀረበ ጽፏል። ዛሬም ሐኪሞች ለታመመው ልብ በልክ የሆነ የእግር መንገድን ያዝዛሉ፤ መሪጌታውም ከመድኃኒቱ ጋር ይኸው ታዘዘለት።

በዚህ ነገር ካህናት የበለጠ ድርሻ አላቸው። ሕመምተኛው ከሐኪም አስቀድሞ ጭንቀቱን የሚነግረው ለንስሐ አባቱ ነው። አባትየውም ስለ ነፍሱ ከጠየቀው በኋላ «ዳገት ስትወጣ ይመጣብሃልን? ስትቆምስ ይተውሃልን?» ብሎ ቢጨምርበት፣ ለዚህ ጥያቄ ኤሌክትሪክም መኪናም አያሻውም፤ መልሱ አዎን ከሆነ ግን ጠበሉንም ጸሎቱንም ሳያስቀር ወደ ሐኪም ቢልከው አንድ ነፍስ ከድንገተኛ ሞት ሊያድን ይችላል።

በአማርኛ ፈተና የሚለው ቃል ለመከራም ለምርመራም አንድ ሆኖ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶች እንዳስተማሩት የሰው ትዕግሥቱ በሰላም ቀን አይለካም፤ ትዕግሥተኛ የሚመስለው ሁሉ መከራ በመጣ ጊዜ ይለያል። የሥጋውም ልብ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የለመደው ዳገት የከበደው ሰው ነገሩን በዳገቱ ወይም በዕድሜው ብቻ አያሳብብ፤ ልቡ በዕረፍት ሊናገረው ያልቻለውን በድካም እየነገረው እንደ ሆነ ያስተውል፤ የሚሰማለትንም ሰው ይፈልግ።